ልጆቹ ፊደሉን በቃላቸው ይወርዱታል፣ ነጠል አድርጌ ሳሳያቸው ግን ይጠፋባቸዋል

ጥያቄ፦ የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። «ቤ»ን ለብቻው ሳሳያቸው ከ«በ» ጀምረው ካልቆጠሩ አያውቁትም። 231ዱን ፊደል በምን ቅደም ተከተል ላስተምር?

መልስ፦ በሦስት ነጥብ እንየው።

ገበታ፦ የያዙት ዜማውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። ገበታውን ለጊዜው አንሺው። «ላ፣ ም፣ በ፣ ሬ» በካርድ ይበቃሉ፤ ከአራቱ «ላም»፣ «በሬ»፣ «በላ» ይወጣሉ፣ ዓረፍተ ነገርም ይሠራል። ካርዶቹን ሁሌ በውዢ። ቀጥሎ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ውረጂ፦ ሉ፣ ቡ፣ ሙ፣ ሱ፤ ከዚያ ሌ፣ ቤ፣ ሜ፣ ሴ። የአናባቢው ምልክት ስለሚደጋገም ሕጉን ራሳቸው ያገኙታል። «ሩ» ከሕግ ውጭ ነው፣ ለብቻው ይጠና። ሳድስና ሳብዕ (6ኛውና 7ኛው ቅርጽ፣ እንደ «ል» እና «ሎ») ወጥ ምልክት የላቸውም፤ እያንዳንዱን በቃል ውስጥ ማስያዝ ነው። ሰ/ሸ፣ ተ/ቸ፣ ነ/ኘ በአንድ ሳምንት አይግቡ።

ሳድስ፦ ትልቁ እንቅፋት ድምፆቹን አጣምሮ ቃል ማድረጉ ነው። ልጁ «ልብ»ን ሁለት ቦታ ቆርጦ ያነባል፣ ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ስለሌለው። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ በጆሮ ብቻ ያጣምር። ማጥበቅ (ድምፁን ጠበቅ አድርጎ ማንበብ) ደግሞ አይጻፍም፤ «አለ» «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው፣ ስለዚህ ነጠላ ቃል ብቻ አታስነብቢ።

መመዘኛ፦ ልጁ 100 የተዘበራረቁ ፊደላትን በ60 ሰከንድ ያንብብ። የመጀመሪያዎቹን 10 በሙሉ ከሳተ አቁሚ። ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የስህተቱን ዓይነት መዝግቢ፦ «ቢ»ን «ቡ» ካለ ችግሩ ምልክቱ ላይ ነው፤ «ሸ»ን «ሰ» ካለ ግን የፊደሉ አካል ገና አልተለየለትም።