ሜይማንድ የቱ ጋ ናት? ስንት ሰውስ ይኖርባታል?

ብዕር፦ ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ኢራን ውስጥ ሜይማንድ ስለምትባል የገጠር መንደር ለመጽሔት የፎቶ መግለጫ እየጻፍኩ ነው። ፎቶው ላይ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ካርታ ላይ ስፈልጋት ግን ፋርስ ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ወጣችልኝ። ከተማ ከሆነች መንደር ብዬ ልጻፍ? የነዋሪውን ቁጥርና ቋንቋውን የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ነገ ማስረከብ አለብኝ።

ኮምፓስ፦ ወንድሜ፣ ካርታው ያሳየህ ሌላ ሜይማንድ ነው። የፋርሷ ፊሩዛባድ አካባቢ ያለች፣ በጽጌረዳ ውሃ የታወቀች ከተማ ናት። የአንተዋ ኬርማን ክፍለ ሀገር፣ ሻህረ ባባክ አውራጃ ውስጥ ናት፤ ከሻህረ ባባክ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ታገኛታለህ። ስትፈልግ የአውራጃውን ስም ጨምርበት። ኢራን ውስጥ ስሙ የማይደጋገም መንደር ማግኘት ይከብዳል፤ ሆሴይናባድና አሊያባድ የሚባሉትንማ ማን ቆጥሮ ይጨርሳል!

ቆጣሪው፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የሕዝብ ቆጠራ 673 ሰው፣ 181 ቤተሰብ ተመዝግቦባታል። የኢራን ሰነድ ላይ ዓመቱ 1385 ተብሎ ታገኘዋለህ፤ የእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛው 1385 እንዳይመስልህ። በእኛ 1999 ነው። ቋንቋቸው ፋርስኛ ነው።

ሰላማዊት፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን «673 ሰው ይኖርባታል» ብለህ ብቻ ብትተወው አንባቢን ታሳስታለህ። የሜይማንድ ሰዎች ከፊል ዘላን አርብቶ አደሮች ናቸው። ዋሻ ቤቶቹ ውስጥ የሚሰነብቱት በብርዱ ወራት ነው፤ ከዚያ በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን ይዘው ወደ ግጦሹ ይወጡና እዚያው ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ መንደሩ ውስጥ የምታገኘው ሰው እንደ ወቅቱ ይለያያል። ዩኔስኮም በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቤቶቹን ብቻ አይደለም፣ ይህን አኗኗር ጭምር ነው። መግለጫህ ላይ አንድ ሐረግ አይንፈገው።

ብዕር፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩ ግን 2006 ላይ የቀረ ነው፤ አያረጅም?

ቆጣሪው፦ ያረጃል፤ በ2011 እና በ2016ም ተቆጥሯል። የኢራን ስታቲስቲክስ ማዕከል የሚያወጣውን የየመንደሩን ሰንጠረዥ አግኝተህ አዲሱን ብትወስድ ይሻላል። ካልደረሰልህ የ2006ን ጻፍ፤ ዓመቱን ግን እንዳትዘል።

ሰላማዊት፦ እንዲህ አድርገው፦ «ሜይማንድ በኢራን ኬርማን ክፍለ ሀገር፣ ሻህረ ባባክ አውራጃ የምትገኝ ፋርስኛ ተናጋሪ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቆጠራ 673 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከዐለት በተፈለፈሉት ቤቶች የሚሰነብቱትም በብርዱ ወራት ነው።»

ኮምፓስ፦ ፎቶው ላይ በግ ካለ ደግሞ እንዳትቆርጠው!