የሊኑክስ ሲስተም ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ጠቁሙኝ

የጣናው ልጅ፦
ሰላም ወገን። ባሕር ዳር ነኝ። የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ደህና አድርጌ እችላለሁ። አሁን ፎርክ፣ ፓይፕ፣ ሲግናል ምናምን (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች የሚፈጠሩበትና እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ) ውስጥ መግባት ፈልጌ መጽሐፍ ስጠይቅ፣ የሚሰጡኝ ሁሉ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) እንዴት እንደሚጫን የሚያስተምር ነው። ምን ላንብብ?

ፔዳ ሰፈር፦
የማይክል ኬሪስክን «ዘ ሊኑክስ ፕሮግራሚንግ ኢንተርፌስ» ያዝ፣ ሌላው ይቆይ። በ2010 የወጣ፣ ከ1500 ገጽ በላይ ነው። አትደንግጥ፣ እንደ ልብወለድ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ፋይል ላይ ያሉትን ምዕራፎች አስቀድም፣ ከዚያ ፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም)፣ ከዚያ ሲግናል። የምሳሌ ኮዶቹን ደራሲው ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧቸዋል፤ እያሻሻልክ ካላሮጥካቸው ግን ዋጋ የለውም።

ሲ ወዳጅ፦
ጥሩ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ይከብዳል ባይ ነኝ። የሮበርት ላቭ «ሊኑክስ ሲስተም ፕሮግራሚንግ» አጠር ይላል፤ 2ኛው እትም የ2013 ነው። ማን ፔጅንም (የሊኑክስን የራሱን መመሪያ) አትናቅ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱ እዚያው ላፕቶፕህ ላይ አለልህ። የማን ፔጅ ክፍል 2 ሲስተም ኮል ነው (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት)፣ ክፍል 3 የላይብረሪ ፈንክሽን።

የጣናው ልጅ፦
ተባረኩ! ኢፖል (ብዙ ግንኙነቶችን በአንዴ መከታተያው) ኬሪስክ መጽሐፍ ውስጥ አለ?

ፔዳ ሰፈር፦
አለ፣ ምዕራፍ 63። አይኦ ዩሪንግን (አዲሱን የማንበቢያና የመጻፊያ ዘዴ) ግን እዚያ አትፈልግ፣ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የገባው ከመጽሐፉ በኋላ በ2019 ነው።