ፖስትግሬስ ላይ ካንስል ያደረግኩት ኩዌሪ አልቆም አለኝ

ጠያቂ (ጅማ፣ ሂርማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቡና ከገበሬ ለሚረከብ ድርጅት ዳታቤዝ እሠራለሁ፤ ፖስትግሬስ ነው፣ ሊኑክስ ላይ። ያንኑ ገበሬ አንዱ መዝጋቢ «መሐመድ»፣ ሌላው «መሀመድ» ብሎ ስለሚጽፈው፣ ስሞችን እያነጻጸረ የሚያገጣጥም ፈንክሽን በሲ ጻፍኩ። ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ላቋርጠው ብዬ ፒጂ_ካንስል_ባክኤንድ (ኩዌሪውን፣ ማለትም ለዳታቤዙ የተላከውን ጥያቄ ማቋረጫ) ስጠራ ትሩ ይመልስልኛል፤ ፕሮሰሱ ግን ሲፒዩውን ይዞ ይቀጥላል። ኮኔክሽኑን ጭምር የሚዘጋው ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድም ያው ነው። በጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መመርመሪያ) ልከታተለው ስል ደግሞ በሲግዩዝር1 ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር መልእክት) እየቆመ አላሠራ አለኝ። የካንስሉ ሲግናል የት ነው የሚቀረው?

መልስ (አጂፕ)
ኪል -9 በለው፣ ትገላገላለህ።

መልስ (ቆጪ)
ኧረ በፍጹም! አንድ ባክኤንድ (የአንድን ተጠቃሚ ኮኔክሽን የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) በሲግኪል፣ ማለትም ኪል -9 በሚልከው ሲግናል፣ ሲሞት ፖስትማስተሩ (የፖስትግሬስ ዋና ፕሮሰስ) የጋራ ሚሞሪው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሌሎቹንም በሙሉ ያቋርጣል፤ ከዚያ ከዋል (ለውጦች ከሚመዘገቡበት ሎግ) ሪከቨሪ ይጀምራል። መጋዘን ቡና እየመዘነ የሚመዘግበው ልጅ ሳይቀር ከሲስተም ይወጣል። በለቀማ ሰሞን እንዲህ አይደረግም።

ወንድሜ፣ ትሩ ማለት ሲግናሉ ተልኳል ማለት ብቻ ነው። ሲግኢንት (የካንስሉ ሲግናል) ሲደርስ የባክኤንዱ ሃንድለር (ሲግናሉን የሚቀበለው ኮድ) ኩዌሪውን እዚያው አይገድልም። ኩዌሪካንስልፔንዲንግ የሚባለውን ምልክት 1 አድርጎ ይመለሳል። ምልክቱን አይቶ የሚያቆመው ቼክ_ፎር_ኢንተራፕትስ ነው። የፖስትግሬስ የራሱ ኮድ በየቦታው ይጠራዋል፤ ያንተ ሉፕ ግን ካልጠራው ማን ይየው? በውጭኛው ሉፕ ውስጥ ጨምረው። ሲግተርምም (የተርሚኔቱ ሲግናል) በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው።

መልስ (መርካቶ)
ልክ ነው። ጂዲቢ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጂዲቢ ሲግኢንትን ለራሱ ያስቀረዋል፣ ለፕሮሰሱ አያሳልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ «ሃንድል ሲግኢንት ኖስቶፕ ፓስ» በል። ለሲግዩዝር1ም «ኖስቶፕ ኖፕሪንት ፓስ»፤ ፕሮሰሶቹ እርስ በርስ የሚቀሰቃቀሱበት ስለሆነ ዝም ብሎ ይለፍ። ከዚያ ካንስል አድርግና ኩዌሪካንስልፔንዲንግን አሳትመው። 1 ካለህ ሲግናሉ ደርሷል፤ የሚያየው ነው የጠፋው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ! እውነትም 1 ነው። ቼኩን ጨመርኩት፣ አሁን ወዲያው ይቆማል። ግን ስሞቹን የያዝኩት በማሎክ (የሲ ሚሞሪ መጠየቂያ) ነው። ችግር አለው?

መልስ (ቆጪ)
አለው። ሲቋረጥ ከፈንክሽንህ መሃል ዘሎ ነው የሚወጣው፤ ታች የጻፍከው ፍሪ (ሚሞሪውን የሚለቀው) ጋ አይደርስም። በየካንስሉ ሚሞሪ ያፈስብሃል። በፖስትግሬስ የራሱ ሚሞሪ መጠየቂያ በፓሎክ ቀይረው፣ ፖስትግሬስ ራሱ ያጸዳዋል። ፋይል የምትከፍት ከሆነም በፖስትግሬስ ፋይል መክፈቻ በአሎኬትፋይል ክፈተው።