የቻይና የሱረት ብልቃጥ ላይ ያሉት የሌሊት ወፎች ምን ማለት ናቸው?

የጉለሌዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ቤጂንግ ተምሮ ሲመለስ ከፓንጂያዩዋን ገበያ የገዛትን የሱረት ብልቃጥ ሰጠኝ። 6 ሳንቲሜትር ብትሆን ነው። ነጭ ብርጭቆ ናት፣ ላይዋ ላይ በቀይ አምስት የሌሊት ወፎችና አንድ ኮክ ተቀርጾባታል። ለአባቴ 60ኛ ልደት ልሰጠው ነበር፤ እናቴ ግን ወፎቹን ስታይ «ይሄንማ ለልደት አትስጪ» አለችኝ። እውነት መጥፎ ነገር ነው? ከሥሯ አራት የቻይና ፊደላት አሉ፣ ወንድሜ የንጉሥ ስም ነው ይላል። ክዳኑ ደግሞ አልከፈት ብሏል። እባካችሁ እርዱኝ።

ቻይንኛ አስተርጓሚ፦
እህቴ፣ እናትሽን አይዞዎት በያቸው! በቻይንኛ የሌሊት ወፍ «ፉ» ነው፣ በረከትም «ፉ» ነው። ፊደሉ ይለያያል እንጂ ድምፁ አንድ ነው። ልክ እንደኛ ኅብረ ቃል በይው፤ ሰሙ ወፍ፣ ወርቁ በረከት። አምስት ሲሆኑ ደግሞ አምስቱ በረከቶች ናቸው፦ ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ መልካም ምግባር፣ በመጨረሻም ዕድሜ ጠግቦ በሰላም ማረፍ። ቀዩም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ «ሆንግ» ቀይም ነው፣ በሌላ ፊደል ደግሞ ታላቅ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀይ የሌሊት ወፍ ታላቅ በረከት ይሆናል። ኮክ የረጅም ዕድሜ ምልክት ነው። የቻይና የዘመን ዙር የሚሞላውም በ60 ዓመት ስለሆነ ለአባትሽ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም። እስኪ እያት፣ ከወፎቹ ቁልቁል የተዘቀዘቀ አለ?

ጓንዡ ተመላላሽ፦
የሥሩ ጽሑፍ አያታልልሽ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የቺየንሎንግ ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1736 እስከ 1795 የነገሠው። ግን ከሱ በኋላም እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን ይጽፉበታል፣ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኔ የማየው ቅርጹን ነው። በጥሩው ሥራ ነጩ ብርጭቆ በቀይ ብርጭቆ ይለበስና ቀዩ በሚሽከረከር መሣሪያ እየተፋቀ ምስሉ ብቻ ይቀራል። በጥፍርሽ የክንፉን ጠርዝ ዳሺው፤ ጥርት ያለ ከሆነ ተቀርጿል። ጠርዙ ሙልጭልጭ ብሎ ጎኗ ላይ ከላይ እስከ ታች የመጋጠሚያ መስመር ካለ በቅርጽ ማውጫ የተሠራች ናት። ያም ቢሆን ምርቃቱ ያው ነው፣ ስጪው።

የአሮጌ ዕቃ ወዳጅ፦
ክዳኑን በፒንሳ እንዳትነኪው፣ የፈላ ውኃ ውስጥም እንዳትከቺው! ብርጭቆ በድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ክዳኑ ሥር ቡሽ አለ፣ ሲደርቅ ይጣበቃል። በጨርቅ ያዢውና ቀስ እያልሽ ወዲህ ወዲያ አዟዙሪው። ሲወጣም ቀጥ አድርገሽ ሳቢ፣ ሱረት የሚጨለፍባት ቀጭን ማንኪያ ከክዳኑ ጋር ተያይዛለች፣ ካጣመምሻት ትሰበራለች። ከውስጥ ሥዕል ያለባቸውን ብልቃጦች ደግሞ ማንም ሰው ውስጣቸውን በውኃ እንዳያጥብ፣ ሥዕሉ ይጠፋል። ያንቺ ከውጭ የተቀረጸ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

የጉለሌዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ እንጂ ተከፈተ። ማንኪያዋ እንደ ድሮ የብር ኩክ ማውጫ ቀጭን ናት፣ ውስጡም ቡናማ ዱቄት አለ። ጠርዙም ጥርት ያለ ነው። አዎ፣ ኮኩ አጠገብ ያለው አንዱ ወፍ ተዘቅዝቋል፣ ምንድን ነው እሱ?

ቻይንኛ አስተርጓሚ፦
«ዳኦ» መዘቅዘቅም ነው፣ መድረስም ነው። በረከት ቤታችሁ ደረሰ ማለት ነው። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው።