ክርክር፦ «ይህ ያለ ሠሪ አይሆንም» ማለት ምርምር ነው ወይስ እምነት?

ባለ ፋርማሲው፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ አንድ አባት ያነሱት ሐሳብ ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ ላምጣው። ልጆቻችን በ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ዝግመተ ለውጥን ሲማሩ፣ ከጎኑ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባለውን፣ ሕይወት ያለ ብልህ ንድፍ አውጪ ሊገኝ አይችልም የሚለውን ሐሳብ፣ የሳይንስ ክበቡ ያቅርብላቸው ነው ያሉት። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ፣ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወደ ቤታችን ሄድን።

እኔ በዚህ ጉዳይ ወገን የለኝም። ፋርማሲውን ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ ስምንት ወር ያህል ሳነብ ቆይቻለሁ። የጀመርኩት ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ ይሄን ለፈተና ብቻ ልሸምድደው ወይስ እውነት ነው?» ብላኝ መልስ ሳጣ ነው። መጀመሪያ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። የዚህ ሐሳብ ዋና ተሟጋች ማይክል ቢሂ የሚባል አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ መምህር ነው። ሰውየው ምድር የጥቂት ሺህ ዓመት ዕድሜ ናት አይልም። ፍጥረታት ከአንድ ግንድ መውረዳቸውንም ይቀበላል። በ1996 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የጻፈው፣ አንዳንድ የሕዋስ ክፍሎች አንድ ነገር ከጎደላቸው ጨርሶ ስለማይሠሩ ጥቂት በጥቂት ተገነቡ ማለት አይቻልም ብሎ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ያጨበጨባችሁትም ያጉረመረማችሁትም ስለ ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው።

የኪቶ ተማሪ፦
ዶክተር ጥሩ አነሱት። እኔ ደጋፊ ነኝ፣ አልደብቅም። ነገ ቦዬ ዳር ስትንሸራሸሩ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ወድቆ ብታገኙ ዛፉ ራሱ አበቀለው ትላላችሁ? ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ መቀመጫው ተሰርጉዶ፣ እግሩ ተመጣጥኖ ስታዩት ወዲያው «ባለሙያ ሠርቶታል» ነው የምትሉት። ሕዋስ ደግሞ ከበርጩማ እልፍ ጊዜ የተወሳሰበ ነው። ዲኤንኤ ውስጥ በአራት ፊደል የተጻፈ ኮድ አለ። እኔ ኮድ እጽፋለሁ፣ ኮድ ራሱን ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

የባዮ መምህርት፦
በርጩማ በርጩማ አይወልድም።

የኪቶ ተማሪ፦
እሺ ቲቸር፣ ያብራሩልን።

የባዮ መምህርት፦
ያንተን ምሳሌ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ፣ ዊልያም ፔሊ፣ በ1802 በሰዓት አቅርቦታል። ዳርዊን ራሱ ተማሪ ሳለ አንብቦ ወዶለታል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በርጩማን ሠሪ አለው የሚያሰኘው ውስብስብ መሆኑ ሳይሆን መሃን መሆኑ ነው። ልጆች ቢወልድ፣ ልጆቹ በጥቂት በጥቂቱ ቢለያዩ፣ የሚወዛወዘው ማገዶ እየሆነ የሚጸናው ብቻ ዘር ቢተካ፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ ያለ ጠራቢ ምን ዓይነት በርጩማ እንደሚገኝ ከወዲሁ መናገር አትችልም። ሕይወት ያለው ነገር ደግሞ ይወልዳል።

የሄርማታው አባት፦
ያ «አንድ አባት» እኔ ነኝ። እኔ ስለ በርጩማ አልነበረም ያነሳሁት። ልጄ ጠዋት ጸሎት አድርሳ ከቤት ትወጣለች፣ ክፍል ስትገባ «በአጋጣሚ የተገኘሽ ነሽ» ትባላለች። ፍርድ ቤት እንኳ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ሌላውም ወገን ይሰማ ማለት ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

የባዮ መምህርት፦
ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ልዩነቱ በአጋጣሚ ይመጣል፣ የሚተርፈው ግን በአጋጣሚ አይተርፍም ነው ትምህርቱ። ፍርድ ቤት ካነሱ ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ2004 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ዶቨር በምትባል ትንሽ ቦታ፣ የትምህርት ቦርዱ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ስለ ኢንተለጀንት ዲዛይን አጭር መግለጫ እንዲነበብ ወሰነ። 11 ወላጆች ከሰሱ። ቢሂ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። ለሳይንስ በሰጠው ሰፊ ትርጉም ኮከብ ቆጠራስ ይካተታል ወይ ሲባል አዎ አለ። ዳኛው ጆን ጆንስ በፕሬዚዳንት ቡሽ የተሾሙ ናቸው፣ ግራ ዘመም ነው ተብለው የሚታሙ አይደሉም። በ2005 ማብቂያ በ139 ገጽ ውሳኔያቸው ይህ ሳይንስ አይደለም አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቦርዱ የመረጠው መጽሐፍ የቆዩ ረቂቆች ችሎት ቀርበው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 የፍጥረት ትምህርትን ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ካስወጣ በኋላ፣ አዘጋጆቹ «የፍጥረት አማኞች» የሚለውን ቃል እያወጡ «የንድፍ ደጋፊዎች» ብለው ተክተውታል። በችኮላ ሲቀይሩ አንድ ቦታ የአሮጌው ቃል ራስና ጅራት ከአዲሱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ቁርበቱን ገልብጠው ሲያበቁ ጅራቱን ረሱት።

የሄርማታው አባት፦
የአሜሪካ ዳኛ ለጅማ ምኑ ነው?

የባዮ መምህርት፦
ምኑም አይደለም። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይካሄድ ይላል። ሕጉን እንተወውና ክፍሌን አስቡት። አንድ ዴስክ ላይ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ተቀምጠዋል። «ንድፍ አውጪ አለ» ባልኩ በደቂቃው አንዱ እጁን አውጥቶ «ማን ነው?» ይለኛል። ምን ልመልስ? ማንም ልበል ማን፣ ሁለቱ ዴስክ ላይ አኩርፈው ይወጣሉ።

ኡስታዝ፦
አሰላሙ ዓለይኩም። መምህርት፣ የመጨረሻው ነጥብሽ ትክክል ነው፣ የሃይማኖትን ትምህርት ለእኛ ተዉልን። ቁርኣን በምዕራፍ 88 ወደ ግመሏ እንዴት እንደተፈጠረች አይመለከቱምን ይላል። ተመልከቱ ነው ያለው። የእኔ ስጋት እንዲያውም ከእምነት በኩል ነው። ሳይንስ ዛሬ ያልደረሰበትን ቦታ እየለቀምን «እዚህ ጋ ሠሪ አለ» ካልን፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ብቻ እየቆጠርን ቤቱ የባለቤቱ ነው እንደ ማለት ነው። ቆርቆሮው ሲጠገን ቤቱ ባለቤት አልባ ይሆናል? የማያፈሰውም የእሱ ነው። የአደምን ነገር ግን አልደራደርበትም፣ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ።

የሄርማታው አባት፦
ኡስታዝ፣ ከእኔ ጎን የሚቆሙ መስሎኝ ነበር።

ኡስታዝ፦
ከጎንዎ ነኝ ጎረቤቴ። ከክበቡ ጎን አይደለሁም።

ባለ ፋርማሲው፦
አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ቢሂ በ2007 በጻፈው መጽሐፍ ዋና ምሳሌው ወባ ናት። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ የወባን ነገር ለጅማ ሰው ማን ይነግረዋል? የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ስንት ዘመን ሲያድን ኖሮ በ1950ዎቹ መጨረሻ በታይላንድና ካምቦዲያ ድንበር ተሕዋሲው ለመደው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። እኛ አገር ፋልሲፓረም ለሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት በ1998 ፋንሲዳር በሚባል መድኃኒት ተተካ፣ በ2004 ደግሞ ኳርተም የሚባለው መጣ። ለሌላው የወባ ዓይነት፣ ለቫይቫክስ፣ ክሎሮኪን ዛሬም ከመደርደሪያዬ አይጠፋም።

ቢሂ የሚለው ይህ ነው። ክሎሮኪንን ለመቋቋም ቢያንስ ሁለት የዘረመል ለውጥ አንድ ላይ ያስፈልጋል፤ የዚህ ዕድል ከ100 ቢሊዮን ቢሊዮን ተሕዋስያን አንድ ነው። ወባ ቁጥሯ ከዋክብት ስለሆነ ይሳካላታል። ሰውና ዝሆን ግን ያን ያህል ስለማይበዙ፣ በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ለውጥ በራሱ ሊመጣ አይችልም። ቁጥሩ ከኪሱ የወጣ አይደለም፣ አንድ የወባ ሊቅ ከገመቱት የወሰደው ነው። እውነት ለመናገር ለአንድ ሳምንት ደጋፊ ሆኜ ነበር። ባለቤቴን እንቅልፍ ነስቻታለሁ።

ከዚያ የ2014 ጥናት አገኘሁ። መድኃኒቱን ከተሕዋሲው የምግብ ከረጢት የሚያስወጣውን ፕሮቲን ላብራቶሪ ውስጥ እየለዋወጡ ፈትነውታል። ቢያንስ ሁለት ለውጥ እንደሚያስፈልግ ታየ፤ እዚህ ላይ ቢሂ አልተሳሳተም። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከአንድ በላይ መሆኑ፣ ከሁለቱ በኋላም አቅሙ ደረጃ በደረጃ እያደገ እንደሚሄድ አብሮ ታየ። የቢሂ ወገኖች የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ጨፈሩ፣ ተቃዋሚዎቹ ሁለተኛውን። ወረቀቱ አንድ ነው! ሙሉውን ያነበበ ከሁለቱም ሠርግ ይቀራል። አስቀድሞ ሳይፈርዱ ማንበብ የሚባለው ነገር ለእኔ ይህን ይመስላል፣ ብዙም አያስደስትም።

እትዬ አዋላጅ፦
ልጆቼ፣ መጻፍ ስለማልፈጥን ታገሡኝ። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ። ንድፍ ንድፍ ስትሉ ሰማሁ። የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ሲገባ ወደ ጎን ነው የሚገባው። ከዚያ ይዞርና ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ ያደርጋል። ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው እንዲያልፍ እንደገና ይዞራል። ማንም ሳያሳየው። ይህን ስንቴ አይቼ ስብሐት ለአብ ብያለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው ሦስተኛ ቀን ምጥ ላይ ያመጧትን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አየሁና «ይህን በር እንዲህ አጥብቦ የለካው ማን ነው?» አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩት። ንስሐ ገብቼበታለሁ። እስቲ እናንተ የተማራችሁ መልሱልኝ።

የሄርማታው አባት፦
እትዬ፣ ዘፍጥረት 3፥16 «በጭንቅ ትወልጃለሽ» ይላል።

እትዬ አዋላጅ፦
አውቀዋለሁ ልጄ። ለእሷ ግን አላነበብኩላትም።

የባዮ መምህርት፦
እትዬ፣ የእኛ ሙያ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፣ አያጽናናም። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፣ ጭንቅላቷ ግን ትንሽ ነበር። ዳሌው አስቀድሞ ለመራመድ ተስተካከለ፣ ጭንቅላቱ ብዙ ቆይቶ አደገ። ሁለት ጉዳይ አንድ በር ላይ ተጋፉ።

የኪቶ ተማሪ፦
መጥፎ ንድፍ ማለት ንድፍ የለም ማለት ግን አይደለም። እኛም ድልድይ ስንሠራ ጥንካሬ ስትጨምር ወጪ ይጨምራል፣ አንዱን ለሌላው ትሠዋለህ። ጠባቡ በር የዚያ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ባለ ፋርማሲው፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ነው እኔም የተጣበቅኩት። ሲያምር ንድፍ፣ ሲከፋም ንድፍ ካልን፣ ምን ብናይ ነው «ይሄስ ንድፍ አይደለም» የምንለው? ለማንኛውም በሽታ ፖዘቲቭ የሚያሳይ የወባ መመርመሪያ ቢመጣልኝ ወደ መጣበት እመልሰዋለሁ።

የኪቶ ተማሪ፦
ይሄ ለቲቸርም ይጠየቅ። ዝግመተ ለውጥስ ምን ቢገኝ ነው የሚወድቀው?

የባዮ መምህርት፦
ተገቢ ጥያቄ። ጦጣ የሚመስሉት ትልልቆቹ ዘመዶቻችን 48 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የያዙ የዲኤንኤ ክሮች) አላቸው፣ እኛ 46። ከአንድ ግንድ ከወረድን፣ ከእኛ ክሮሞዞሞች አንዱ የሁለት ቅጥያ መሆን አለበት፣ ስፌቱም መታየት አለበት። ባይገኝ ትልቅ ችግር ነበር። ክሮሞዞም 2 ላይ፣ ጫፍ ላይ ብቻ መኖር ያለበት ምልክት መሐል ላይ ተገኘ። ስፌቱ ያ ነው።

የመልኮ ሰው፦
የመልኮ ቡና ምርምር ጎረቤታችሁ ሆኖ፣ ጅማ ተቀምጣችሁ ቡናን ሳታነሱ ይሄን ሁሉ መጻፋችሁ ገርሞኛል። አረቢካ 44 ክሮሞዞም አለው። ሮቡስታ 22፣ ዩጄኒዮይደስ የሚባለው የዱር ቡና 22። እነዚያ ሁለቱ ደን ውስጥ ተዳቅለው ነው አረቢካ የተወለደው። ማንም ሰው አላዳቀላቸውም።

በፈረንጅ 1971 ደግሞ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠቁረው፣ ባለሙያዎች ጫካና ጓሮ እየዞሩ በበሽታው መሐል ደህና የቆሙትን ዛፎች ፈልገው ዘር ለቀሙ። 74110፣ 74112፣ 74140 የምትሏቸው ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። የጎማ ገበሬ ቁጥሩን ከልጁ ልደት ቀን በላይ ያውቀዋል።

የኪቶ ተማሪ፦
አገኘሁዎት! የመረጠው ሰው ነው። አዋቂ መራጭ አለ ማለት ነው።

የመልኮ ሰው፦
መራጩ ሰው ነው፣ አልካድኩም። የሚቋቋመውን ዛፍ ግን እኛ አልሠራነውም፣ ቆሞ ነው ያገኘነው። ማንም ባይደርስለት ኖሮ በሽታው ራሱ ይመርጥ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ብዙ ሰው አስርቦ። ቸኩለን ነው እንጂ ሥራው አንድ ነው።

የኪቶ ተማሪ፦
እሺ። ዶክተር «ምን ብታይ ትለወጣለህ» ላሉት የእኔን ጻፉ። የባክቴሪያው ፍላጀለም፣ ያ እንደ ሞተር የሚሽከረከረው ጅራት፣ እያንዳንዱ መካከለኛ ደረጃ ለምን ይጠቅም እንደነበር ካሳያችሁኝ እጄን እሰጣለሁ።

የባዮ መምህርት፦
የጅራቱ መሠረት ላይ ያሉት በርካታ ፕሮቲኖች፣ አንዳንድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መርዛቸውን የሚወጉበት መርፌ ውስጥም አቻዎች አሏቸው። የሚሽከረከር ነገር ሳይኖረው ያው ክፍል ይሠራል ማለት ነው፣ «አንድ ቢጎድል አይሠራም» የሚለው እዚያ ይላላል። መርፌው ራሱ ከጅራቱ በኋላ የመጣ ነው የሚሉ ግን አሉ፣ ስለዚህ ሙሉ መንገዱን አሳየሁህ አልልም።

የኪቶ ተማሪ፦
ግማሽ ነው እንግዲህ።

የባዮ መምህርት፦
ግማሽ ነው። ግማሽ መሆኑን ክፍል ውስጥም እናገራለሁ። ይህን ለመናገር ክበብ አያስፈልገኝም።

የሄርማታው አባት፦
መምህርት፣ ይህን ለልጆቹ ትይላቸዋለሽ? ያልታወቀውን ያልታወቀ ብለሽ?

የባዮ መምህርት፦
እላለሁ ጋሼ። በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሱ ላይ እንደርሳለን፣ ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ይስሙ። ርዕሰ መምህሩን እኔ አስፈቅዳለሁ።

የሄርማታው አባት፦
የክበቡን ሐሳቤን አላነሳሁም። ግን እመጣለሁ።

ባለ ፋርማሲው፦
ልጄ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም አነበበችው። «አባዬ፣ ታዲያ ፈተና ላይ ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

የባዮ መምህርት፦
መጽሐፉ ላይ ያለውን ትጻፍ። የፍላጀለሙን ጥያቄ ለእኔ ታምጣው።

እትዬ አዋላጅ፦
የእኔን ግን ማንም አልመለሰም።