ችግኙ በደረቀ ቁጥር «የግንዛቤ እጥረት» እየተባለ እስከ መቼ?

ወይራ በቀል፦
ዛሬም ያንኑ ዘገባ ሰማሁ። የተተከለው ችግኝ ለምን ደረቀ ተብሎ ሲጠየቅ በየዓመቱ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት። መረረኝ። በእኛ አካባቢ ደደሆና ክትክታ የለበሰ ጋራ ነበር። ለተከላ እንዲመች ተብሎ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ጉድጓድ በመስመር ተቆፈረ፣ ግራቪሊያ የሚባል የውጭ ዛፍ ተተከለበት። ባለፈው ግንቦት አንዱን የደረቀ ችግኝ ነቅዬ አየሁት። ከነፕላስቲክ ከረጢቱ ነው የተቀበረው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ቀርቷል። እንዲህ አድርጎ የተከለው በዘመቻ መጥቶ በዚያው ቀን የተመለሰ ሰው ነው። ቁጥቋጦው አይነካ ብለው የተሟገቱት ደግሞ የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እስቲ ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ንገሩኝ።

አዲስ ተካይ፦
ወንድሜ፣ አንድ ከረጢት ይዘህ የአገር ሥራ አታጣጥል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ ተብሎ ሲነገር እኔም ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ወታደሩ፣ እናቶች ሳይቀሩ ጭቃ ውስጥ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ተሳትፎ ከየት ይመጣል? ዘገባውም ቢሆን ሐሰት አልተናገረም። ከብቱን ለቅቆ ችግኙን የሚያስበላው ያው የአካባቢው ሰው ነው። ለሕዝብ ከተተወ ይጨርሰዋል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በደኑ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

ወይራ በቀል፦
«ለሕዝብ ከተተወ ይጨርሰዋል»። ይህን አባባል ሁላችሁም ደግማችሁ አንብቡልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። 1983ን ካነሣኸው አይቀር ከሥሩ እናንሣው። በደርግ ጊዜ ተራራው የተከለለውና ዛፍ የተተከለበት በምግብ ለሥራ ነበር። ገበሬው ስንዴና ዘይት ተቀብሎ ቆፈረ፤ ዛፉ ግን የመንግሥት ሆነ፣ ግጦሹም ተወሰደበት። አስከባሪው የሄደ ዕለት ቆረጠው። በጓሮው ያለውን የራሱን ዛፍ የጨፈጨፈ ግን አላየንም። ያ ዛፍ መቼ ለሕዝብ ተተወና ነው ሕዝብ ጨረሰው የምትለው?

የመንዝ ልጅ፦
ስለ «ሕዝብ ይጨርሰዋል» እኔም የምለው አለኝ። የመንዝ ጓሳ፣ ሰሜን ሸዋ ያለው የወል የሣር ምድር፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስከ ዛሬ አለበት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ያሻገረው ቄሮ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ነው። ሣሩ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። ለጣሪያ ክዳኑም፣ ለገመዱም፣ በድርቅ ጊዜ ለከብቱም ከዚያ ይገኛል። ሥርዓቱ የተናጋው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ነው፤ ጓሳም የተጎዳው ያን ጊዜ ነው። ኋላ ያገገመው የአካባቢው ሰው እንደ አዲስ ተሰብስቦ የራሱን ደንብ ሲያወጣ ነው። ጓሳን ሳይረዱ ስለ ሕዝብ ባትፈርዱ ጥሩ ነው።

ደገኛ፦
ጓሳ ጓሳ ስትሉ አንዱን ነገር አትዝለሉት። በድሮው ሥርዓት መብት የነበረው አካባቢውን መጀመሪያ ካቀኑት አባቶች ከአስቦና ከጌራ ዘር ለሆነ ሰው ነው፤ ሌላው ጎረቤት ዳር ቆሞ ተመልካች ነበር። «የሕዝብ» የምትሉት የየትኛውን ሕዝብ ነው? በሬ ያለው በአንድ በኩል፣ ከብት የሌላት እንጨት ሸጣ ልጆች የምታሳድግ ሴት በሌላ በኩል፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት ደግሞ በሦስተኛው። ተራራ ሲከለል ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገረው ባለ በሬው ነው። እንጨት የምትለቅመዋ በማግስቱ መንገዱ ተዘግቶባት ታገኘዋለች።

የመንዝ ልጅ፦
የዛሬው ደንብ የድሮው አይደለም። አሮጌውን እያነሣህ አዲሱን አትምታ።

ደገኛ፦
እየመታሁ አይደለም። ጠየቅሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁም።

የደን ሰው፦
በዚህ ሙያ ውስጥ ስላለሁ ስለ ደደሆው ልናገር፤ ሁላችሁም አልፋችሁታልና። የወይራን ፍሬ ወፎች በልተው ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ዘሩን ከሥሩ ይጥሉታል። ቡቃያው በደደሆው ጥላ ሥር ከበጋው ፀሐይና ከፍየል አፍ ይተርፋል። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል። ስለዚህ ደደሆ የመነጠረ ሰው ሊመጣ ያለውን የወይራ ጫካ ነው የመነጠረው። ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦንም ተመልከቱ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነው፤ አብዛኛው ያገገመው በመሬት ውስጥ በሕይወት ከቆየው ጉቶ ነው። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጠንካራውን መርጠው ሌላውን ገረዙ፣ ከብት ከለከሉ። በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን የመጠቀም መብት በእጃቸው ገባ። በ2002 ዓ.ም. ዛፍ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ በሚከፈልበት በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዝግቦ ገንዘብም አስገኘ። ሣሩንም እያጨዱ ይወስዳሉ። የዘመቻ ችግኝ ይህን አይተካም።

ለወይራ በቀል ግን አንድ ነገር ልመልስ። ጉቶውም ዘሩም አፈሩም የጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። ዝግባና ኮሶ በአቅራቢያ እናት ዛፍ ከሌላቸው ከልለህ ብትጠብቅም አይመጡም። እዚያ መትከል ግድ ነው፤ ችግኝ ጣቢያዎቻችን ደግሞ የሚያፈሉት በአብዛኛው ቶሎ የሚደርሰውን ነው።

አዲስ ተካይ፦
ይኸውና! መትከል ግድ ነው ሲል የደን ሰውም መሰከረ።

ወይራ በቀል፦
ከሦስት አንቀጽ አንዱን ዓረፍተ ነገር መዝዘህ አትሂድ። ከዚያ በፊት ያለውን አንብበኸዋል?

ደገኛ፦
ቶሎ የሚደርሰውን መንቀፍ ለእናንተ ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በዚህ አገር ያለው ሰው ስለሚፈልገው ነው። በአምስት በስድስት ዓመት አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል። አዊ ዞን ገበሬው ራሱ ወዶ ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ ግራር ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ በቦታው መልሶ ጤፍ ሲዘራ ማንም አላስተማረውም። ዝግባ ለልጅ ልጄ ነው። እኔ ዛሬ ምን ልብላ?

ወይራ በቀል፦
በማሳህ ባሕር ዛፍ አትትከል ያለህ የለም። እኔ የምናገረው ስለ ወል ተራራው ነው። ምንጩ የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ምንጩ ሲደርቅ የአንተም አጣና ውኃ አይሆንልህም።

ደገኛ፦
የወል ተራራው የማን ነው? ለእርሻዬ የይዞታ ደብተር አለኝ። ለተራራው ማን ምን ይዟል?

አዲስ ተካይ፦
ሕግ አለ። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ከግል፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጋር ለይቶ አውቆታል። «መብት የለንም» የምትሉት አዋጁን ስላላነበባችሁ ነው።

ወይራ በቀል፦
አሁን ደግሞ ወደ «አላነበባችሁም» ተሻገርን። ግንዛቤ መሆኑ ነው እንደገና። አዋጁን አንብቤዋለሁ፣ ደስም ብሎኛል። የእኛ ጋራ ሲመነጠር ግን በዚያ አዋጅ መሠረት ሽማግሌዎቹን የጠየቀ አልነበረም። ወረቀት ላይ ያለው መብት ተራራው ላይ እንዲወጣ ነው የምጮኸው።

ቅጥር ግቢ፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ጎንደር ሂዱና የቤተ ክርስቲያን ደኖችን እዩ። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ራቁት መሬት ሆኖ አገር በቀሉ ዛፍ የቀረው በቅጥሩ ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ተመካክረው የድንጋይ አጥር መሥራት ሲጀመር ድንጋዩን ከየማሳው ለቅሞ ያመጣው ገበሬው ነው። ማሳውም ጸዳለት፣ ከብትም ደኑ ውስጥ መግባቱን አቆመ። ማንም በግንዛቤ ማስጨበጫ አልሰበሰባቸውም፤ ደኑ ጥንትም የእነርሱ ነበር።

ደገኛ፦
ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ሰው ይፈራል። የወል ተራራ ላይ ማንን ይፍራ?

የደን ሰው፦
የራሱን ደንብና የጎረቤቱን ቅጣት። በሁምቦ የሚሠራው እሱ ነው።

ደገኛ፦
የካርቦን ገንዘብ ያልደረሰው ተራራስ?

የደን ሰው፦
ትግራይ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ተራራውን ከልሎ እርከን ሲሠራ የካርቦን ገንዘብ አልጠበቀም። ውኃው ተመለሰለት፤ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት የመጣው ከሥራው በኋላ ነው።

አዲስ ተካይ፦
ሁላችሁም የምታነሡት የተሳካውን ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ ባዶው መሬት ማንን ይጠብቅ? እኔ በዚህ ክረምትም እወጣለሁ።

ወይራ በቀል፦
ውጣ፤ ማንም አልከለከለህም። ግን ከመቆፈርህ በፊት የቦታውን ሰዎች ምን ይመነጠር ምን ይቅር ብለህ ጠይቃቸው፤ ከረጢቱንም አውልቅ።

አዲስ ተካይ፦
ከረጢት አውልቄ ነው የምተክለው። ስለማታውቀኝ ሰው አትናገር።

ደገኛ፦
እንጨት የምትለቅመዋን ሴት ጥያቄ ግን እስካሁን የመለሰ ሰው የለም። የመንዝ ልጅ፣ አንተን ነው የምጠብቀው።