የተጠራጠሩትን የኢንቮይስ ዋጋ ከጎረቤት አገር ጉምሩክ ማጣራት ይቻላል?

ጠያቂ (ለገሃር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቢሯችን ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል ዕቃ ለሚያስገቡ ነጋዴዎች ሰነድ ያዘጋጃል። በዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ የተገለጸው ዋጋ ጥርጣሬ ሲያስነሳ፣ ላኪው ለኬንያ ጉምሩክ ያስታወቀውን ዋጋ የእኛ ጉምሩክ ጠይቆ ማመሳከር ይችላል ወይ? የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ሞያሌ ላይ በአንድ ኬላ እየሠሩ ይህ ቀላል መሆን አልነበረበትም?

የሕግ ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦
በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞያሌ የጋራ ኬላ የታሰበው ዕቃውና ተሽከርካሪው በሁለቱም በኩል ሳይቆሙ በአንድ ቦታ እንዲስተናገዱ ነው፤ የአንዱን አገር የነጋዴ መዝገብ ለሌላው መክፈት ግን የራሱ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልገዋል፤ ባለሙያዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ብቻውን አይበቃም። ለዚህ በዓለም የታወቀው መንገድ የጋራ አስተዳደራዊ ድጋፍ ነው፤ ማለትም የአገሮች ጉምሩኮች በመጠያየቅ አንዱ ሌላውን በመረጃ የሚረዳበት አሠራር። የዛሬው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የቀድሞ ስሙ የጉምሩክ ትብብር ምክር ቤት በነበረበት ጊዜ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የናይሮቢ ስምምነት፣ ከአባሪዎቹ አንዱን ያዋለው ለዚሁ ነው፦ ቀረጥ በትክክል እንዲሰላ የአንዱ አገር ጉምሩክ ከሌላው መረጃ ሲጠይቅ። አገሮች አባሪዎቹን መርጠው ስለሚቀበሉ፣ መጀመሪያ የሚታየው ሁለቱ አገሮች የትኛውን እንደተቀበሉ ነው፤ የሁለትዮሽ ስምምነት ካለም እርሱ ይታያል።

የጉምሩክ አስተላላፊ (ስታዲየም አካባቢ)፦
በባለሙያው ሐሳብ ላይ የምጨምረው ስለ ጊዜ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት አንቀጽ 12፣ ጠያቂው አገር አስቀድሞ በራሱ በኩል እንዲያጣራ፣ ከዚያም ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ተጠያቂውም በተቻለ መጠን በ90 ቀናት ውስጥ ይመልሳል። ዘጠና ቀን ዕቃ በመጋዘን ማቆየት ግን አስመጪውን ያከስራል፤ ለዚህ ነው የዓለም ንግድ ድርጅት የዋጋ ትመና ስምምነት የመጨረሻው ዋጋ እስኪወሰን በቂ ዋስትና አስይዞ ዕቃ መረከብን የሚፈቅደው። በእኔ እምነት ማጣራቱ መቀጠል አለበት፤ ዕቃው ግን መልስ እስኪመጣ መታገት የለበትም። አስመጪውም የባንክ ክፍያ ማስረጃውን፣ የሽያጭ ውሉንና ከላኪው የተገኘውን የወጪ ዲክላራሲዮን ቅጂ በፍጥነት ቢያቀርብ፣ ወደ ጎረቤት አገር መጻፍ የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጠያቂ (ለገሃር)፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከኬንያ የሚመጣውን መልስ ደንበኛችን ማየት ይችላል?

የሕግ ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦
መረጃው በምስጢር የሚያዝና ለተጠየቀበት ዓላማ ብቻ የሚውል ስለሆነ፣ ሰነዱን ራሱን ማየት ላይፈቀድ ይችላል። ነገር ግን የተገለጸው ዋጋ ውድቅ ከተደረገ ደንበኛዎ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅና ቅሬታ ማቅረብ ይገባዋል፤ ስለዚህ ውሳኔው የደረሰበትን ቀን መዝግባችሁ ያዙ፤ የቅሬታ ጊዜ ገደብ አለውና።